ሽማግሌው የሳሏት እናቴ

ትናንት ሶዶ ገበያ ለጎረቤቴ ልጅ የሰም ከለር ስገዛ፣ የሰሙ ሽታ ወደ ሁምቦ ጥብቅ ደን መለሰኝ።

ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰፈራችን በደኑ ውስጥ ባዘጋጀው የቤተሰብ ቀን ወላጆች እርጥብ ሣር ላይ ተቀምጠው ተረት ያወራሉ፤ ልጆቻቸው የሰሙትን ይስላሉ። ነርሷ እናቴ ድንገት ሆስፒታል ስለተጠራች፣ እኔ ባዶ ወረቀት ታቅፌ ብቻዬን ቀረሁ። አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«በይ አንቺ ንገሪኝ፤ እኔ ልሳል» አሉኝ።

እናቴን ሁልጊዜ በር ላይ ቆሜ እንደምጠብቃት ነገርኳቸው። አንዲት ትንሽ ልጅ፣ ከወረቀቱ ጥግ ደግሞ አንዲት ሴት ሳሉ።

«ለምን አራቋት?» አልኳቸው።

«እየመጣች ነዋ፣ የኔ ልጅ።»

አመሻሽ ላይ እናቴ ቤት ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሥዕሉን ተቀብላ አየችው።

«ይህቺ ሴትዮ ማን ናት?» አለችኝ።

«አንቺ ነሽ፤ እየመጣሽ ነዋ» አልኳት።