እናቴ ለወንድሟ ያወረደችው ሙሾ

ያ ዓመት ትዝ ሲለኝ ሁልጊዜ ጭጋግ ለብሶ ነው የሚመጣው። የናይሮቢ ሐምሌ ነው፤ ፀሐይ የጠፋችበት፣ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን ግድግዳው ሳይቀር የሚበርድበት። አንዲት ልጄ የትምህርት ቤት ሹራቧን ለብሳ መስኮቱ ሥር ቆማ ሻይ ትጠጣለች። ኩባያው ከንፈሯ ሳይደርስ ይንቀጠቀጥና ሻዩ ደረቷ ላይ ይፈሳል። "ፖሌ፣ ማሚ" ትላለች። እዚሁ ተወልዳ ስላደገች ይቅርታ እንኳ ቀድሞ የሚመጣላት በስዋሂሊ ነው። እኔ ደግሞ ቁጣ ይቀድመኛል። "በሁለት እጅሽ ያዢው አላልኩሽም!" እላታለሁ። በሁለት እጇ ነበር የያዘችው።

ከዚያ ወዲያ ኑሯችን ከሐኪም ሐኪም መዞር ሆነ። አንዱ ታይፎይድ ነው አለን። ሌላው፣ ባለፈው ዓመት ዓይኗ ቢጫ ሆኖ የታከመችው የጉበት ሕመም ትራፊ ነው አለ። ትምህርት ቤቷ የፈተና ጭንቀት ነው አለ። የእጅ ጽሑፏ እየደቀቀ ሄዶ ራሷ እንኳ ልታነበው አቃታት። ቃላት አፏ ውስጥ ይጎተቱ ጀመር፤ ጓደኞቿም ሰክራለች ብለው ሳቁባት። ልቤ ነው የተሰበረው! ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራው ወደ ጊጊሪ ሲሄድ ሆስፒታል በር ላይ ያወርደናል። በመኪናው ውስጥ ሆነን፣ ከሰፈራችን አየር ማረፊያ የሚነሱት ትንንሽ አውሮፕላኖች በላያችን ሲያልፉ፣ እኔ በእንቅልፍና በንቃት መሃል ሆኜ፣ ይኼ ሁሉ በሌላ ሰው ላይ የደረሰ ነገር ይመስለኝ ነበር።

የነርቭ ሐኪሟ ኬንያዊት ናት፤ ጠና ያለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። እንደ አገሯ ወግ "ማማ" ነበር የምትለኝ። አንድ ቀን "ማማ፣ ከቤተሰባችሁ እጁ እንዲህ የሚንቀጠቀጥ፣ በወጣትነቱ የሞተ ሰው ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። "በዘር የሚመጣ ከሆነ ፍለጋችን ሌላ ነው። ቶሎ ካልደረስንበት ግን ልጅቷን እናጣታለን።"

የባለቤቴ ወገኖች ተጠይቀው የለም አሉ። እኔ ደብረ ማርቆስ ላለችው እናቴ ደወልኩ።

"በዘራችን?" አለች። ስልኩ ውስጥ ሆና ስትኮሳተር ታየችኝ። "በዘራችን ምንም የለም! ማነው ደግሞ እንዲህ ያለሽ?"

"አጎቴስ? ወንድምሽ በወጣትነቱ አይደል የሞተው?"

"እሱን ምች ነው የመታው። ስንቴ ልንገርሽ?"

እውነቷን ነው፣ ስንቴ ነግራኛለች። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ይኸንኑ ነው፤ ከእርሻ ላብ በላብ ሆኖ ገባ፣ ምች መታው፣ አለቀ። ለሐኪሟም የለም አልኳት። እሷም ፍለጋዋን ወደ ሌላ አዞረችው። የጭንቀት መድኃኒት ታዘዘላትና ልጄ ቀኑን ሙሉ የምትተኛ ሆነች፤ መንቀጥቀጡ ግን አልተኛም።

ጃካራንዳው አብቦ መንገዱ ሁሉ ሐምራዊ በሆነበት ሰሞን፣ አንዲት የሰፈራችን ሐበሻ ባሏ ሞተባትና ለቅሶ ደረስን። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። አንዲት እናት ተነሥተው ሙሾ ማውረድ ጀመሩ። ሟቹ አንድ እግሩን ያነክስ ነበር፤ በሕይወት ሳለ ማንም ይህንን አንሥቶበት አያውቅም፣ ነውር ነዋ። ሙሾው ላይ ግን እያነከሰ ገባ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ መነጽሬን እያለ ሲፈልግ፣ ሲስቅ፣ ሲያስል፣ ሁሉንም አመጡት። ሚስቱ ይበልጥ አለቀሰች፤ ማንም ግን ነውር ነው አላለም። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ዓይኔን ጨፈንኩ። በዚያ ዜማ ውስጥ አንድ በፎቶግራፍ እንኳ የማላውቀው ወጣት ድንኳኑ ጥግ የቆመ መሰለኝ። ያኔ ነው የመጣልኝ፤ እናቴም ለወንድሟ አልቅሳለታለች።

በማግሥቱ ደወልኩላት። ስለ በሽታ አንድም ቃል አልተነፈስኩም።

"እማዬ፣ ለአጎቴ ምን ብለሽ ነበር ያለቀስሽው?"

"ምነው ዛሬ? ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። ንገሪኝ እስቲ።"

የግቢዋ ዶሮ ሲጮኽ ይሰማኛል። ከዚያ ስልክ ላይ በማላውቀው፣ በጣም ልጅ በሆነ ድምፅ ጀመረች፤

ጠላው ካፍህ ሳይደርስ ደረትህ ላይ ፈሶ፣
ሄድክብኝ ወንድሜ አንደበትህ አንሶ።

የልጄን ኩባያ እያጠብኩ ነበር። እጄ ላይ እንዳለ ቀረ።

"እማዬ፣ ይኼ ምች ነው?"

አለቀሰች። "ሴቶች ልጆች ነበሩኝ" አለች። "ለጋብቻ ሲመጡ ዘር ይጠየቃል። የሚያንቀጠቅጥ ዘር አላቸው ከተባለ ማን ያገባችኋል? ምች በሉ ተባባልን። ኋላ ኋላ እኔም ምች መሰለኝ፣ ልጄ።"

"ልጄ እየሞተችብኝ ነው እኮ!" ብዬ ጮኽኩባት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ከንዴቴ ብዛት እንባ እንኳ አልወጣኝም።

ሙሾውን ለሐኪሟ እንደምንም በእንግሊዝኛ ነገርኳት። ግጥምነቱ ሁሉ ጠፍቶ፣ የሚጠጣውን ደረቱ ላይ የሚያፈስስ፣ መናገር ያቃተው አንድ ወጣት ብቻ ቀረ። እሷ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ላከችን።

እሷ የጠረጠረችው በሽታ ዓይን ላይ ምልክት ይተዋል፤ እንደኛ ባለ ጠቆር ያለ ዓይን ላይ ግን በተራ መብራት አይታይም። የዓይን ሐኪሙ ክፍሉን አጨልሞ፣ ልጄን አገጯን መሣሪያው ላይ አስደግፎ፣ ቀጭን ብርሃን በጎን ለቀቀባት። ቆይቶ "ማማ፣ ነይ እይ" አለኝ። በዓይኗ ጠርዝ ዙሪያ የሻይ ቀለም ያለው ቀለበት ነበር። መዳብ ነው አለኝ፤ ከምግብ የሚገባውን መዳብ ሰውነቷ ማስወጣት አቅቶት ጉበቷ ላይ፣ አእምሮዋ ላይ፣ ዓይኗ ላይ ተጠራቅሟል። ደሟና ሽንቷ ሲመረመርም ያው ሆነ። እኔም ባለቤቴም ሳናውቀው ተሸክመነው ኖረናል፤ እሷ ከሁለታችንም ወሰደችው።

በጨለማው ውስጥ ልጄ ሳትነቃነቅ፣ እየተጎተተ በሚወጣ ድምፅ "ማሚ፣ ያምራል?" አለችኝ።

"ያምራል" አልኳት። ያምር ነበር። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ኪኒኑን ዕድሜ ልኳን ትወስዳለች። ወዲያው አልተሻላትም፤ እንዲያውም መጀመሪያ ባሰባት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ፊደሏ መነበብ ጀመረ። ሐኪሟን እንዲህ ያለ ተአምረኛ መድኃኒት መቼ ወጣ ብዬ ጠየቅኳት። የቆየ ነው፣ አንቺ ሳትወለጂም ነበር አለችኝ። አጎቴ የሞተው እኔ ድክ ድክ ስል ነው።

ከእናቴ ጋር ታረቅን፤ ከእናት ጋር ተኳርፎ የት ይደረሳል! አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደወለች።

"መድኃኒት አለው አልሽኝ?"

"አለው እማዬ። ኪኒን ነው።"

"ኪኒን ብቻ?"

"ኪኒን ብቻ።"

ልጄ መስኮቱ ሥር ቆማ ሻይ ትጠጣለች፤ ኩባያው ግማሽ ድረስ ነው የተሞላው፣ ደረቷ ደረቅ ነው።

"ያኔም ነበረ?" አለችኝ እናቴ።

"አልነበረም እማዬ" አልኳት። "በቅርቡ ነው የወጣው።"

"ተመስገን" አለች።