የስልከኛዋ የወይዘሮ ዘነበች ምስክሮች

የእህቴ ልጅ ሜሮን ነርስ ሆና ወደ አንዲት ትንሽ የካናዳ ከተማ ከሄደች ሁለት ወሯ ነው። የከተማዋን ስም ብነግራችሁም አታውቁትም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ፣ አልረሳውምም። ባለፈው እሑድ ቻምበርስ ሮድ ከሚባለው ጎዳና አጠገብ ባለው ቤቴ ቁጭ ብዬ ምስር ስለቅም፣ ስለ ከተማዋ የሚያወራ የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ገጽ በስልክ ላከችልኝ። ከታች «ታዋቂ ሰዎች» ይላል። የሆኪ ተጫዋቾች፣ አንድ ሚኒስትር፣ አንዲት ሰዓሊ፣ እዚያ ተወልዶ በሦስት ዓመቱ ጥሎ የሄደ ዘፋኝ ሳይቀር ተዘርዝሯል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቴ። ከሆኪ ተጫዋቾቹ አንዳንዶቹን ከወጣትነቴ ጀምሮ በስም አውቃቸዋለሁ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። በስደት በመጣሁበት በዚህ ከተማ፣ ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር፣ ማሞቂያው እንደ መዶሻ በሚያንኳኳበት አፓርታማ ውስጥ አራት ሴቶች ሆነን እንኖር ነበር። ቀን ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ። ከሥራ ስወጣ፣ የቀለጠ በረዶ ጫማዬ ውስጥ እየገባ፣ ኮልፋክስ የሚባለውን ጎዳና ይዤ በአንድ ምድር ቤት ወደሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት በእግሬ እሄዳለሁ። እራቴ በቦርሳዬ የያዝኩት ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ነበር። እንደዚያ የጣመኝ እንቁላል ከዚያ ወዲህ አልበላሁም፤ ረሃቡ ነው መሰለኝ ያጣፈጠው።

አስተማሪያችን ሚስ ዶሪስ የዚያች የካናዳ ከተማ ልጅ ነበረች። ደግ ሴት ነበረች፣ እንዳልዋሽ፤ የመጀመሪያውን የክረምት ሹራቤን የሰጠችኝ እሷ ናት። የከተማዋን ታዋቂ ሰዎች ፎቶ ግድግዳ ላይ ደርድራ ታሳየን ነበር። አንድ ቀን «እናንተም ከየከተማችሁ አንድ ታዋቂ ሰው ጻፉ፤ አንድ ላይ አድርጌ በመጽሐፍ አወጣዋለሁ፣ ለቤተ መጻሕፍትም እንሰጠዋለን» አለችን።

እኔ ማንን እንደምጽፍ ለአፍታም አላመነታሁም። ከተማዬ ሮብ ገበያ ጎጃም ውስጥ ናት፤ ያላት ስልክ አንድ ብቻ፣ ስልከኛዋም ወይዘሮ ዘነበች ነበሩ። በዚያ፣ የታሰረ ወጣት በማይመለስበት ክፉ ዘመን አንድ ጠዋት ከአውራጃው ለፖሊስ ጣቢያችን የሚተላለፍ የስም ዝርዝር በስልክ መጣ። የሚታሰሩ ልጆች ስም ነው። ወይዘሮ ዘነበች ጻፉት፤ «እሺ ጌታዬ» አሉ፤ ከዚያ ሽቦውን ነቀሉና «መስመሩ ተበላሽቷል» ብለው ቢሮውን ዘጉ። ጣሳ ይዘው ጨው ሊበደሩ ከቤት ቤት ዞሩ። በየደጁ ጨው ሲሰፈርላቸው ለእናትየው የልጇን ስም በጆሮዋ ይነግሯታል። ልጆቹ በዚያው ቀን ወደ ቆላ ወረዱ። አንዱ ታላቅ ወንድሜ ነበር። እሳቸው ከሥራቸው ተባረሩ፤ ታሰሩም።

ሚስ ዶሪስ ጽሑፌን አንብባ ጨረሰችና «ግሩም ነው። ምንጩስ? የትኛው መጽሐፍ፣ የትኛው ጋዜጣ?» አለችኝ።

«የትም አልተጻፈም።»

«እንግዲያው ታዋቂ ናት ልንል አንችልም።»

ደሜ ፈላ። እኔ የማውቀው ዳኛ ወረቀት ከሌለ ምስክር ያስቆጥራል። ሦስት ምስክር ፈልጌ ሁለት አገኘሁ፤ ሁለቱም የከተማዬ ልጆች ናቸው። ጋሽ ሞላ ሆቴል ውስጥ ሳህን ያጥባሉ። ጋሽ ታደሰ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ናቸው።

«ጋሽ ታደሰ፣ ሐሙስ ክፍላችን ድረስ ይመጡልኛል?»

«ሺፍት አለኝ እኮ፣ እህቴ።»

«ስለ ወይዘሮ ዘነበች ነው።»

«እንደሱ ከሆነ ሺፍቱን ቼንጅ አደርጋለሁ» አሉኝ።

ሐሙስ ከረባት አስረው መጡ። ቀኝ እጃቸውን አንስተው ማሉ፤ እኔ አስተረጎምኩ። ጋሽ ሞላ ጀመሩ፦ «ስልኩ አንድ ቀን ሙሉ ተቋረጠ...»

«ሦስት ቀን ነው!» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«አንድ ቀን ነው! በማግስቱ እኮ አጎቴ ጋ ደውያለሁ» አሉ ጋሽ ሞላ።

ቀጠሉናም «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ? ያን ሰሞን አልነበርክም!» አሏቸው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሚስ ዶሪስ ቀስ ብላ «አየሽ፣ ጽሑፍ የምንጠይቀው ለዚህ ነው» አለችኝ። ያሳፈሩኝ ምስክሮቼ ላይ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ጋሽ ታደሰ ግን የተባለውን ስነግራቸው ወደ እሷ ዞሩ። «ንገሪያት። አንድ ቀንም ይሁን ሦስት፣ ዝርዝሩ ላይ የእኔም ስም ነበረበት። ይኸው በሕይወት ቆሜያለሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ወረቀት ትፈልጋለች?»

ቃል በቃል ተረጎምኩት። ሚስ ዶሪስ ዓይኗ እንባ ሞላ። «አምናቸዋለሁ» አለች፤ «ደንቡ ግን ደንብ ነው። ሌላ ሰው ጻፊ፤ በአገርሽ ታሪክ ውስጥ ስንት ንጉሥ አለ።»

«የትኛውም ንጉሥ ወንድሜን አላተረፈልኝም» አልኳት፤ «እሳቸው ካልገቡ እኔም አልገባም።» ወረቀቴን አንስቼ ወጣሁ። መጽሐፉ ያለ እኔ ታተመ። ግትር ነበርሽ የሚሉኝ አሉ፤ ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ። ያን ቀን ውጭ የሚያዝያ በረዶ እየጣለ ነበር፤ ሁለቱ ምስክሮቼ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ስለ አንድ ቀንና ስለ ሦስት ቀን እየተጨቃጨቁ ሸኙኝ።

ይህን ሁሉ እሑድ ለሜሮን ነገርኳት። «አክስቴ፣ ሮብ ገበያም እኮ ገጽ አላት! ታዋቂ ሰዎች የሚለው ባዶ ነው፤ ማንም ሰው ሊጽፍበት ይችላል። አሁኑኑ አድ አደርጋቸዋለሁ» አለችኝ።

በማግስቱ ደወለች። «የገጹ ተቆጣጣሪዎች ዲሊት አደረጉት። የታተመ ምንጭ የለውም አሉኝ።»

ጋሽ ሞላ ካረፉ ቆዩ። ጋሽ ታደሰንም ቀብረናል፤ ወንድሜም የለም። በሕይወት የቀረሁት ምስክር እኔ ነኝ፣ እኔም አርጅቻለሁ። ቢሆንም እጄ ገና ይጽፋል። ወይዘሮ ዘነበች፣ የሮብ ገበያ ስልከኛ፣ የልጆቹን ስም ለፖሊስ አሳልፈው አልሰጡም። መስመሩ አንድ ቀን ይቋረጥ ሦስት ቀን አላውቅም። ሜሮንዬ፣ መልሰሽ አስገቢያቸው፤ ምንጭ ሲሉሽ ይህን ጽሑፌን ስጫቸው።