የመፍተያ ክፍሉ ቆቦች

በደርግ ዘመን አስመራ ውስጥ እንደ እኔ የሚሸሹት ሰው አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መንግሥት በወረሰው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሥራ ላይ አደጋ መከላከያ ኃላፊ ነበርኩ። ከመሀል አገር መጥቼ፣ ገዛ ባንዳ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ በእግሬ ሥራ እመላለሳለሁ። ምሳ ሰዓት ካንቲን ገብቼ ስቀመጥ ጠረጴዛው በሙሉ ይለቀቅልኛል። መጀመሪያ አክብሮት መስሎኝ ነበር። ምደባውን የተቀበልኩት ታናሽ ወንድሜ ሰሜን ግንባር ወታደር ስለነበር ነው፤ ቅርቡ እሆናለሁ ብዬ። አንድም ቀን ሳላየው ከረምኩ።

ሥራዬን ግን እወደው ነበር። ጭቅጭቄ ሁሉ ከነጠላ ጋር ነው። የመፍተያ ክፍሉ ሴቶች ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ማሽን ላይ ይቆማሉ። አንዴ የነጠላ ጫፍ ሽክርክሪቱ ውስጥ ገብቶ የአንዷን ክንድ ሰብሯል። ከዚያ ወዲህ የጨርቅ ቆብ አሰፋሁ፣ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ። እነሱ ቆቡን አይተው የዳቦ ጋጋሪ ነው ብለው ሳቁብኝ። ቆቦቹም መሳቢያዬ ውስጥ አቧራ ጠጡ።

አንድ ጠዋት ጠና ያሉ፣ ዝምተኛ ፈታይ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው ቢሮዬ መጡ። «በጃኹም፣ እባክዎ፣ አንድ ቆብ ይስጡኝ» አሉ። ደስታዬን አልቻልኩትም። በመጨረሻ የሚሰማኝ ሰው ተገኘ! ልብስ መቀየሪያው ገብተው ቆቡን አድርገው ወጡና ያለ ነጠላ ማሽናቸው ላይ ቆሙ። ይህን የምነግረው ወዳጅ ስላልነበረኝ ለፋብሪካው ካድሬ ነገርኩት።

ካድሬው ደግሞ ምሳሌ የሚሆን ሠራተኛ ሲያድን ነው የሚውለው። በሠራተኛው ስብሰባ ላይ ሴትዮዋን መድረክ አወጣቸውና «በይ እናቴ፣ ቆብሽን አውልቂና ለጓዶች አሳዪ» አላቸው።

እጃቸው ወደ ራሳቸው አልሄደም። ካድሬው እኔንም ጠርቶኝ አጠገባቸው ቆሜ ስለነበር፣ ከቆቡ ጠርዝ ስር፣ ከጆሯቸው ጀርባ፣ ጸጉር የሚባል እንደሌለ ያን ጊዜ አየሁ። ተላጭተዋል። እኛም አገር እናት ልጅ ሲሞትባት ትላጫለች። ግን እሳቸው ቤት ድንኳን አልተተከለም፤ ከፋብሪካው ለቅሶ የደረሰ ሰው የለም። ያኔ አስመራ ውስጥ እንዲህ ተደብቆ የሚለቀስለት፣ ሜዳ ወጥቶ መንግሥትን ከሚወጉት ታጋዮች ጋር የሞተ ልጅ ነው። ካድሬው ያንን ራስ ቢያይ «የወንበዴ እናት» ብሎ እስር ቤት ይልካቸዋል። ሴቶቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። ሳላውቅ መድረክ ላይ ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ።

ለማሳያ ኪሴ የከተትኩት ሌላ ቆብ ነበረኝ። «ጓድ፣ አደራረጉን እኔ ላሳይ፤ ኃላፊው እኔ አይደለሁም እንዴ?» ብዬ ጎፈሬዬ ላይ ደፋሁት። በዚያ ዘመን ከጎፈሬዬ ሌላ የምኮራበት ነገር አልነበረኝም። ቆቡ አናቱ ላይ ቂብ ብሎ ቀረ። ስጫነው ጸጉሬ በግራና በቀኝ ይወጣል፣ ስለቀው ተመልሶ ይነሳል። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ካድሬውም ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሴትዮዋ በሳቁ መሀል ከመድረኩ ወርደው ቦታቸው ተቀመጡ።

በማግስቱ የመፍተያ ክፍሉ ሴቶች በሙሉ ቢሮዬ ደጃፍ ተሰለፉ። «ንዓይ'ውን» ትላለች አንዷ፤ «ለእኔም» ትላለች ሌላዋ። ከዚያ ወዲያ ማን እንደተላጨች፣ ማን እንዳልተላጨች የሚለይ አልነበረም። ማሽኑም ነጠላ መጎተቱን ተወ። ምሳዬን ግን እንደ ድሮዬ ብቻዬን በላሁ። እውነቱን ለመናገር በጣም ከፋኝ። አንዲት የምስጋና ቃል ጠብቄ ነበር።

ወራት አልፈው፣ ከወንድሜ ጋር ግንባር የነበረ አንድ ቁስለኛ ቤቴ ድረስ መጥቶ ወንድሜ መሞቱን ነገረኝ። ከመንግሥት በኩል ምንም አልተባለም። ሳይታወጅ ለወታደር ማልቀስ የሠራዊቱን ሞራል መግደል ነው ይባል ስለነበር ለቅሶ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ብቀመጥስ ማን ይመጣል? ጸጉር አስተካካይ ቤት ገብቼ ጎፈሬዬን ተላጨሁ። ቆቡን አድርጌ ሥራ ገባሁ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ምሳ ሰዓት ጠረጴዛው እንደ ወትሮው ተለቀቀልኝ። ሴትዮዋ ከጓደኞቻቸው መሀል ተነሱና አንድ ብርጭቆ ሻሂ ይዘው መጡ። ቆቤን አዩት። ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ኣጆኻ፣ ወደይ» አሉኝ። አይዞህ ልጄ ማለታቸው ነው።

ማን እንደሞተብኝ አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ምን እላቸው ነበር? ልጃቸውና ወንድሜ በአንድ ጦርነት ወዲያና ወዲህ ነበሩ። እንባዬ ሻሂው ውስጥ ወረደ። ከዚያ ምሳቸውን ከሴቶቹ ጠረጴዛ አምጥተው እኔው ጋ በሉ።