የኒልስ ቁንጮ

ክረምት ሲገባ የፎገራ ሜዳ ሜዳነቱን ይተዋል። ርብ ከወዲያ፣ ጉማራ ከወዲህ ሞልተው ይወጡና ከብቱም ሰውም ጉብታ ጉብታውን ይይዛል። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም፤ በአገሩ የተወለደ ጥጃ እንኳ ያውቀዋል። እንግዲህ በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት አንድ ፈረንጅ ከስዊድን ድረስ መጥቶ፣ ወረታ ላይ ቤት ተከራይቶ፣ መስመር የተሰመረበት እንጨት ርብ ዳር ተክሎ፣ "ዛሬ ውሃው ይህን ያህል ሆነ" እያለ በየጠዋቱ መጻፍ ሲጀምር ሰዉ ግራ ገባው። ገሚሱ ወንዙን ሊገዛው ነው አለ፤ ገሚሱ ደግሞ አገሩ ላይ ሥራ ቢያጣ ነው ብሎ አዘነለት። ሰውዬው ኡሎፍ ይባላል። ሚስቱ ማርታ፣ የአራት ዓመት ልጃቸው ደግሞ ኒልስ።

ይርገዱን ግን እንጨቱም ወንዙም አላሳሰባትም። እሷ የቁሐር ሚካኤል ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ በወንድሟ በያየህ ቤት ላም እያለበች፣ ወተት እየገፋች፣ በገበያ ቀን ቅቤ ይዛ ወረታ እየወጣች ትኖር ነበር። አርባን ተሻግራለች፤ አፏ ፈጣን፣ እጇ ከአፏ የፈጠነ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። አንድ የገበያ ቀን ቅቤዋን ዘርግታ እንደተቀመጠች ፀጉሩ የጤፍ ጭድ የመሰለ ልጅ ከየት መጣ ሳይባል አጠገቧ ቁጢጥ አለና ጣቱን ቅቤው ውስጥ ሰደደ። ላሰው። አጣጣመው። ከዚያ እንደገና ነከረና ጣቱን ወደ እሷ አፍ ዘረጋላት፤ ቅቤው የራሷ መሆኑን ማን ነግሮት! ይርገዱም ላሰችለት። እናቱ እየሮጠች ደርሳ በእጇ ምልክት ይቅርታ ስትጠይቅ ይርገዱ ልጁን ታቅፋ እየሳቀች ነበር። ሳምንት ሳይሞላ የኒልስ ሞግዚት ሆና ፈረንጆቹ ቤት ገባች።

የዚያን ቤት ጉድ ለወንድሟ ሚስት ለጥሩብርሃን እየነገረች ስንት ጊዜ ውሸታም ተብላለች!

"ጌቶች ጓዳ ገብተው ሳሕን ያጥባሉ።"

"ኤዲያ! እኔን ልታሞኚ?"

"ማርያምን! በእጃቸው!"

የመጀመሪያ ቀን ኡሎፍ እጅጌውን ሰብስቦ ድስት ሲፈትግ ያየችው ጊዜ እሜቴ በጠና ታመዋል ብላ ወደ መኝታ ቤት ሮጣ ነበር። እሜቴ ማርታ ግን እግሯን ሰቅላ መጽሐፍ ታነባለች፤ ምንም አልሆነች። ልጁንም በጠራራ ፀሐይ ግቢው መሃል በሳፋ ውሃ ውስጥ ራቁቱን ዘፍዝፈው ይተዉታል። "ኧረ እሜቴ፣ ምች ይመታዋል!" ትላለች ይርገዱ፤ ማንም አይሰማትም። ሲመሽ ደግሞ ለብቻው ክፍል፣ ለብቻው አልጋ ያስተኙታል። ይርገዱ ይህን ስታይ "ምን አጥፍቶ ነው?" ብላ ጠየቀች። ምንም እንዳላጠፋ ሲነገራት ይበልጥ አዘነች።

እነሱም ቢሆኑ ስለ እሷ ለአገራቸው የሚጽፉት አላጡም። መንገደኛ ልጁን አይቶ "እንዴት ያምራል!" ባለ ቁጥር ይርገዱ ዓይን እንዳይበላው ፊቱ ላይ እንትፍ እንትፍ ትልበታለች፤ ማርታ ከኋላ መሐረብ ይዛ ትጠርጋለች። አንዷ እየተፋች፣ አንዷ እየጠረገች ገበያውን ዞረው ይመለሳሉ።

በዓመቱ ኒልስ የለየለት የፎገራ ባላገር ሆነ። "ማርያምን!" እያለ ይምላል፤ ላም ሲያይ እንደ እረኛ ያፏጫል፤ ሽማግሌ ሲያልፍ ከተቀመጠበት ብድግ ይላል። ማርታ የለቀመችው አማርኛ ለሰላምታና ለገበያ ብቻ ስለሚበቃ ሁለቱ ሴቶች መግባባት ያቃታቸው እንደሆነ የሚያስተረጉመው እሱ ነው። የወደደውን ነገር አሳምሮ፣ ያልወደደውን ቆራርጦ ይተረጉማል። ለምሳሌ የመኝታ ሰዓት ደረሰ የሚለውን ይርገዱ በትርጉም ሰምታው አታውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ይርገዱን ከነከናት፤ የልጁ ፀጉር። በአገሩ የወንድ ልጅ ራስ ይላጭና አንዲት ቁንጮ ትቀርለታለች። ሕፃን ነውና ክፉ ያገኘው እንደሆነ መልአኩ በቁንጮው ይዞ ወደ ላይ ያወጣዋል። የኒልስ ፀጉር ግን እኩል ለቆ ትከሻው ላይ ተኝቷል፤ ያውም ልስልስ፣ ከእጅ የሚያመልጥ። "ይህን መልአኩ የቱ ጋ ይያዘው?" እያለች ታጉረመርማለች።

ይህን ስትል ቀልዷን አልነበረም። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት አንድ ልጅ ወልዳ ነበር፤ አንለይ ይባላል። ጥርስ ሳያወጣ፣ ራሱን ምላጭ ሳይነካው፣ በአንድ ክረምት ንዳድ ወሰደው። ሰው ሁሉ "እግዜር ሌላ ይሰጥሻል" አላት፤ አልሰጣትም። እሱንም ቻለችው። ያልቻለችው፣ ለባሏም ለንስሐ አባቷም ያልነገረችው አንዲት ጥያቄ ነበረች። ቁንጮ ያልነበረውን ልጇን መልአኩ በምን ይዞ አወጣው? ወይስ ሳይዘው ቀረ? ኒልስን እንደ ልጇ ስትወደው ያ የቆየ ፍርሃት አብሮ ተመለሰ። ክረምቱ ደግሞ እየገባ ነው።

በሰኔ መጨረሻ በሃምሳ አምስት ኡሎፍና ማርታ ለአንድ ቀን ባሕር ዳር ወረዱ። ይርገዱ መኪናዋ ከዓይን እስክትርቅ ብቻ ጠበቀች። ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር መሆኑ ጭራሽ አልታያትም፤ ጥፍሩን ስትቆርጥለት ማንን ጠይቃ ታውቃለች? ልጁን ጉልበቷ መሃል አስገብታ፣ ራሱን በውሃ አርሳ፣ ስለ ቀበሮና ስለ ጅብ እያወራች ሙልጭ አድርጋ ላጨችው። ከግንባሩ ከፍ ብሎ አንዲት ቁንጮ ተወችለት፤ ቅቤም ቀባችው። ወርቅ የመሰለውን ፀጉር እግር እንዳይረግጠው አንድ ሳታስቀር ለቅማ ከግቢው ዋንዛ ሥር ቀበረችው። ኒልስ በሳፋው ውሃ ውስጥ መልኩን አይቶ በደስታ ዘለለ። እሷም አሥራ ስምንት ዓመት ተሸክማው የኖረችው ሸክም እኩሌታው የወረደላት ያህል ቀለላት።

መኪናዋ ማታ ግቢ ስትገባ ኒልስ እየሮጠ ወጣ። ማርታ የጎረቤት ልጅ መስሏት አለፈችው። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች፤ ዞረች፤ ጮኸች። ኡሎፍ ባርኔጣውን አፉ ላይ ደቅኖ ፊቱን አዞረ፤ ሳቁን መያዝ ስላቃተው ነው።

"ፀጉሩስ?" አለች ማርታ በምታውቃት አማርኛ።

"ቀበርኩት፣ እሜቴ።"

ይርገዱ ይህን ያለችው ልታጽናናት ነው። የሰማችው ሴት ግን መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ኋላ እንደተሰማው ስዊድን የቀረችው እናቷ በየደብዳቤው የምትጠይቀው ስለዚያ ፀጉር ነበር፤ የሟች ባሏን ፀጉር ይመስላል እያለች። ማርታም ከሁለት ወር በኋላ ለእረፍት ሲሄዱ ልጁን ከነፀጉሩ ልታሳያት ቀን ትቆጥር ነበር። ይርገዱ ይህን ከየት ትወቅ?

ማርታ እንባዋን ጠርጋ በአገሯ ቋንቋ ብዙ ተናገረች። ሁለቱም ሴቶች ወደ አስተርጓሚያቸው ዞሩ። ኒልስ አዲሷን ቁንጮውን በጣቱ እየጠቀለለ አንዴ እናቱን፣ አንዴ ይርገዱን አየ።

"እማዬ ሂጂ ትላለች" አለ። ቀጥሎም "እኔ ግን አትሂጂ እላለሁ" ሲል ጨመረ።

ይርገዱ አልተከራከረችም። ቤቱም የእሜቴ ነው፣ ልጁም የእሜቴ ነው። ግንባሩን ሳመችው፤ ጓዟን ጠቅልላ በማግስቱ ጠዋት ቁሐር ሚካኤል ገባች።

ሦስት ሳምንት ዝናቡ ሳያባራ ዘነበ። ይርገዱ ላሟን ታልባለች፣ ወተቷን ትገፋለች፤ ያ ሳቋ ግን የለም። ያየህ እህቱ ዝም ስትል አይወድም። "የሰው ልጅ ነው፤ ዛሬ ባይሆን ነገ አገሩ መግባቱ አይቀርም ነበር" አላት። "አውቃለሁ" አለችው። ማወቁ ምንም አልጠቀማትም። ናፈቃት፤ እጇ እንኳ ሳታስበው በወገቧ ልክ የልጅ ራስ ይፈልግ ነበር።

በሐምሌ አጋማሽ አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ ጥቂት ጋብ እንዳለ፣ ጥሩብርሃን ከደጅ ተጣራች። "ይርገዱ! ኧረ ነይ ጉድ እይ!"

ውሃ በተኛበት ሜዳ ላይ ማርታ የባሏን ሱሪ እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ፣ ኒልስን ልክ እንደ አገር ሴት በነጠላ ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ ጭቃውን እያቦካች ትመጣለች። ከኋላዋ ኡሎፍ ያንን የውሃ መለኪያ እንጨቱን ተመርኩዞ ይከተላል። ጉብታው ሥር ሲደርስ የዋልካው ጭቃ ከዳውና እስከ ጭኑ ሰጠመ። ያየህ ወርዶ እጁን ይዞ እየጎተተው "ጌቶች፣ ዛሬስ ስንት ሆነ?" አለው። ኡሎፍ ነገሩ ባይገባውም አብሮ ሳቀ።

ቤት ገብተው እሳት ዳር ሳይደላደሉ ኒልስ ከጀርባ ዘሎ ይርገዱ ጉያ ውስጥ ተሸጎጠ። ማርታ አየቻቸው። ቀጥላም ያላትን አማርኛ ሁሉ አሰባስባ ጀመረች።

"ኒልስ ውሃ ገባ።"

"ወይኔ! መቼ?" አለች ይርገዱ ልጁን እያገላበጠች።

ከቤታቸው ጀርባ ያለው ቦይ በጎርፍ ሞልቶ ኖሯል። የሚጠብቀው ሰው አልነበረም፤ ልጁ የእንጨት ጀልባውን ሊያንሳፍፍ ወርዶ በግንባሩ ገባ። ማርታ ስትደርስ ውሃው እንደ ቡና አተላ ደፍርሷል።

"ልብስ ያዝኩ፣ አመለጠ" አለች። "እጅ ያዝኩ፣ አመለጠ። ይህን ያዝኩ።" የልጇን ቁንጮ በጭብጧ ያዘችና ሽቅብ ሳብ አደረገችው። "ይህ አላመለጠም።"

ያቺ ቁንጮ እስከዚያ ቀን የቆየችው ማርታ ወዳት አልነበረም። ከዚያ ሁሉ ፀጉር የተረፈችው እሷ ብቻ ስለሆነች መቀስ ልታሳርፍባት ባይሆንላት ነው። ይርገዱ ልጁን ይዛ አማተበች።

ማርታ ከደረት ኪሷ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ምላጭ ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ በቁንጮው ዙሪያ አዲስ ፀጉር በቅሎ ነበር።

"ላጪ" አለች። "ይህን ተዪ። ከዚያ፣ ቤት ነይ።"

ይርገዱ ውሃ አስመጣች። ልጁን እንደ ዱሮው ጉልበቷ መሃል አስገብታ መላጨት ጀመረች። የራሱ እኩሌታ ሲላጭ ግን እጇ ቆመ፤ ለማንም ሳትነግረው የኖረችው ነገር በዚያች ሰዓት አፏን ከፈተው። ስለ አንለይ ተናገረች። ጥርስ እንዳላወጣ፣ ቁንጮ እንዳልነበረው፣ መልአኩ በምን እንደያዘው እስከ ዛሬ እንደማታውቅ። ኒልስ ቃል በቃል ተረጎመው፤ ያን ቀን ምንም አልቆረጠም። ማርታ ሰምታ ስትጨርስ አቀረቀረች፤ ከዚያ ቀስ ብላ መለሰች።

"እማዬ እንዲህ ትላለች" አለ ኒልስ። "መልአኩ ልጅሽን ታቅፎ ነው የወሰደው። ትንሽ ልጅ በፀጉር አይያዝም፤ ይታቀፋል ትላለች።"

ይርገዱ ምላጩን መሬት ላይ አስቀመጠች። ታቅፎ! አሥራ ስምንት ዓመት ስታስብ ይህ አንድም ቀን አልታሰባትም ነበር። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች። ማርታ ተጠግታ አቀፈቻት፤ ጥሩብርሃንም ከጓዳ ብቅ ብላ ነገሩን ሳትጠይቅ አብራ አለቀሰች። ወንዶቹ እሳቱን ያያሉ።

ከሁሉም የቸኮለው ኒልስ ነበር። በአንድ እጁ የተላጨውን፣ በሌላው ያልተላጨውን ራሱን ዳበሰ።

"ይርጌ፣ ግማሹ ቀረኮ!"

ይርገዱ ከነእንባዋ ሳቀች፤ ሳቋ እስከ ማዶው ጉብታ ተሰማ። ምላጩን አንስታ የቀረውን ላጨችለት፤ ቁንጮዋን ቅቤ ቀባችለት፤ ጓዟንም ጠቀለለች።