ሽማግሌ የተላከበት የመስታወት ሲኒ

ድረ ገጼን የሚያውቁ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱም አብዛኞቹ በስህተት የገቡ ናቸው። የቡና ሲኒ ሊገዛ የፈለገ ሰው ይገባል፣ የስልክ እንጨት ሲኒ ያያል፣ ይወጣል። ላላወቀ ላስረዳ። ድሮ የስልክ ሽቦ ከእንጨት ወደ እንጨት ሲዘረጋ፣ ሽቦውና እንጨቱ እንዳይነካኩ በመካከላቸው የሚቀመጥ ደወል የመሰለ ወፍራም መስታወት ነበር። የመስመር ሠራተኞች ሲኒ ይሉታል። አረንጓዴ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ውስጡ የአየር አረፋ ይዞ የቀረም አለ። ሥራው ምንም ነገር አለማስተላለፍ ነው። ዝናብ ቢወርድበት፣ የከተማው ሐሜት ሁሉ በአናቱ ሲያልፍ ቢውል፣ ወደ እንጨቱ አንዲት ነገር አያወርድም። ለምን እንደወደድኩት የሚጠይቀኝ ካለ መልሱ ይኸው ነው።

ዲላ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ዕድሜዬን በጽሕፈት መኪና ላይ የጨረስኩ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስለነበርኩ ኮምፒውተር ሲመጣ አልፈራሁትም። ድረ ገጹን ራሴ ሠራሁት። ጀርባውን ሐምራዊ አደረግኩት። ዓይን ያማል ብለው ሁለት ሦስት ሰዎች ጻፉልኝ፤ ላለመቀየር የወሰንኩት ያኔ ነው። ሲኒዎቹን ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ ደፍ ላይ እየደረደርኩ፣ ፀሐይ ከጀርባቸው ስትገባ ፎቶ አነሳቸዋለሁ። መብራት ካለና የስልኬ ጥቅል ካላለቀ ያን ዕለት እጭናቸዋለሁ። አንድ ታማኝ ጎብኚ አለኝ፤ ሩቅ አገር የሚኖር ጡረተኛ ነው። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር «ደስ የሚል አረንጓዴ ነው» ብሎ ይጽፋል። ሰማያዊውም ሥር እንዲሁ ይጽፋል። አመሰግናለሁ እለዋለሁ። በሕይወቴ የቀለም ስህተቱን ይቅር ያልኩት ወንድ እሱ ብቻ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስም የለም። ከትሕትና አይደለም።

የቀድሞ ባለቤቴ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበር። አሮጌው መስመር ሲነሳ ሲኒዎቹን ከእንጨት እያወረደ ቤት ያመጣቸው እሱ ነው። ለምን እንዳመጣቸው ራሱም አያውቅም፤ መጣሉ አሳዝኖት ይሆናል። እኔም ያኔ አንዱን በር ማስያዣ፣ አንዱን ገልብጬ የጨው ማስቀመጫ አደረግኩት። ከዚያ ሄደ። ለምን እንደሄደ አልጽፍም። እሱ ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፣ ጎረቤት ያውቃል፤ የቀረው አንባቢ ብቻ ነው፣ እሱም ይቅርበት። ሲሄድ ራዲዮኑን፣ ደህናውን ብርድ ልብስና ጥቁሩን ጃንጥላ ወሰደ። ሲኒዎቹን ግን አየት አደረገና፣

«ይሄን ጠርሙስ ለቁራሌው ስጪው» አለኝ።

በእልህ አስቀመጥኳቸው። እህቱ ገበያ ላይ ባየችኝ ቁጥር «እንዴት ነው ቁራሌነቱ?» ትለኝ ነበር። እሷ ዛሬ ጥርስ የላትም፤ እኔ ድረ ገጽ አለኝ። የጃንጥላው ነገር ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ያለ ደህና ጃንጥላ የዲላን ዝናብ መቻል ምን ማለት እንደሆነ ዲላ የኖረ ያውቀዋል።

በእያንዳንዱ ፎቶ ሥር «ከዲላ ይርጋጨፌ አሮጌ መስመር። ሰብሳቢ፦ የገጹ ባለቤት» ብዬ እጽፋለሁ። አንድ ቦታ ብቻ ባዶ ነው። እዚያ ላይ «የማር ቀለም። የለኝም» ይላል። ባሌ ሳለ፣ ይርጋጨፌ አጠገብ፣ ኮንጋ ውስጥ እንጨት ላይ አንድ የማር ቀለም ያለው ሲኒ አየሁ ብሎኝ ነበር። ለምን አላመጣኸውም ስለው ዘነበ አለ። ያን ባዶ ቦታ በከፈትኩ ቁጥር እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ «ዘነበ» የሚለኝ ይመስለኛል።

አንድ ቀን የእድራችን ሰብሳቢ፣ ጎረቤቴ፣ እየሮጠች መጣች።

«እትዬ፣ የምሥራች! ሽማግሌ ሊላክብሽ ነው።»

«ከማን?»

«ከሰውየው ነዋ!»

ሰውየው ይርጋጨፌ ነው የሚኖረው። አብራው የነበረችው ሴት ጥላው ወደ ልጆቿ እንደሄደች ሰምቼ ነበር። አልጠየቅኩም፤ ሰዎች ናቸው የነገሩኝ፣ እንዲነግሩኝ ያደረግኩት እኔ ብሆንም። እንግዲህ በእኛ አገር ከሚስቱ የተለየ ባል ሽማግሌ ሲልክ ጉዳዩ አንድ ነው፤ እርቅ። ለዘመናት ስጠብቀው የነበረው ቀን መጣ፦ እምቢ የምልበት።

ንግግሬን ጻፍኩ። በኮምፒውተር ነው የጻፍኩት፣ ኅዳጉን አስተካክዬ። «የተሰበረ በሙጫ አይቃናም» የሚል ነበረበት። በመስኮቱ ደፍ ላይ ለተደረደሩት ሲኒዎች አነበብኩላቸው፤ ደወል መስለው በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ፀጉሬን ልሠራ ሄድኩ። ለእምቢታ ፀጉር መሠራት ምን ያስፈልጋል? ፀጉር ሠሪዋም ገርሟት «ሠርግ አለ እንዴ እማማ?» አለችኝ።

«ለቅሶ ነው» አልኳት።

ለስላሳ ገዛሁ፣ ዳቦ ጋገርኩ፣ አዲሱን ጨርቅ በወንበሮቹ ላይ አለበስኩ። እምቢ የምትል ሴት እንኳን ቤቷ ይታያል።

ሦስት ሆነው መጡ። አንደኛው የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሁለተኛው የሰውየው የድሮ አለቃ፣ እንደ እኔ ጡረተኛ። ሦስተኛው፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት፣ ከባንኮ ጎቲቲ የመጡ ቡና ገበሬ ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በጌዴኦኛ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት። እንደ ወጉ ቆሙ። ሽማግሌ ጉዳዩ እንደሚሰማለት ሳይነገረው አይቀመጥም፣ ተቀምጦ ሳይጠየቅም ለምን እንደመጣ አይናገርም። እኔም መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። እንደቆሙ ጀመርኩ።

ሙሉውን በቃሌ ወጣሁት። ብርድ ልብሱን አነሳሁ፣ ራዲዮኑን አነሳሁ፣ ጃንጥላውን ሁለት ጊዜ አነሳሁ። ሙጫውንም አልዘለልኩም። «ሂዱና ንገሩት፤ ቤቴ ለእሱ ዳግመኛ አይከፈትም!» ብዬ ጨረስኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ ጎረቤቴም ደጁ ላይ ቆማ ነበር።

ከዚያ የባንኮ ጎቲቲው ሽማግሌ ጉልበታቸውን ያዝ አድርገው፣

«ልጄ፣ ጨርሰሃል?» አሉኝ።

«ጨርሻለሁ አባባ።»

«እንግዲያው ልቀመጥ።» ተቀመጡ። «ጥሩ ተናግረሃል። እኛ ግን የመጣነው ስለ ጠርሙሱ ነው።»

መሬት አልተከፈተልኝም። ጎረቤቴ ስትስቅ ሰማኋት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነበር፣ ነጠላ ግን ሳቅ አያቆምም።

የድሮው አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጉዳዩን ተናገሩ። ሰውየው ድረ ገጼን አይቶታል። አንድ ሰው በስልክ አሳየው። ሰብሳቢ የገጹ ባለቤት የሚለውን አንብቦ ምግብ አልበላ አለ።

«እህቴ፣ እንጨት ላይ የወጣው ማነው?» አሉኝ አለቃው።

«እኔም በርጩማ ላይ ወጥቼ አቧራቸውን ጠርጌያለሁ።»

«በርጩማና የስልክ እንጨት አንድ ነው?»

«ለቁራሌው ስጪው ያለኝ ሰው ነው ዛሬ ምግብ አልበላ ያለው?»

«ብሏል፣ አጥፍቷል» አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ። «አንቺንም አልሰደበሽ፣ ገንዘብም አልጠየቀሽ። ያወረደው እከሌ ነው የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው የሚፈልገው። ይህን ካደረግሽ ኮንጋ ያለውን እንጨት ያሳይሻል። የማር ቀለም ያልሽው እስካሁን እዚያው ላይ ነው ይላል።»

ባዶ ቦታዬን አንብቦታል ማለት ነው። የምፈልገውን ያውቃል፤ እኔም የሚፈልገውን አወቅኩ። ስሙን። ከቤቴ ግድግዳ፣ ከአፌ ያወጣሁትን ስም በገዛ እጄ ተይቤ ዓለም እንዲያየው ላደርግ ነው። እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ። የእምቢታ ንግግሬን ላልተጠየቅኩት ነገር ጨርሼው፣ ለተጠየቅኩት ባዶ እጄን ቀርቻለሁ።

«መጀመሪያ ሲኒውን ልየው» አልኩ።

«ይየው» አሉ የባንኮ ጎቲቲው አባት። «ለስላሳው ለኛ ነው ወይስ ለፎቶ?»

በሳምንቱ ይርጋጨፌ በሚኒባስ ሄድኩ፤ ከዚያ ኮንጋ በሞተር። በእኔ ዕድሜ ቀሚስ ለብሶ ሞተር ላይ መፈናጠጥ ምን እንደሚመስል አልገልጽም። ሞተሩ ያወረደኝ የእግር መንገዱ ሲጀምር ነው። እሱ እዚያ ቆሞ ይጠብቃል። አጥሯል። በእጁ ጥቁር ጃንጥላ ይዟል።

«ጃንጥላዬ!» አልኩት።

«ደህና ነህ ወይ አይባልም?»

«እጀታውን ቀይረኸዋል።»

«ተሰብሮ ነው።»

«ከእኔ ጋር ቢሆን አይሰበርም ነበር።»

ይኸው ነው ሰላምታችን። በእንሰቱና በቡናው መካከል እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ሄድን። የሚናገረው ስለ እንጨት ብቻ ነው። እዚህ ጋ አንዱ ቆሞ ነበር፣ እዚያ ጋ ንቦች አባርረውት ነበር። ዱሮም እንዲሁ ነበር፤ ዱሮ ግን አልሰማውም ነበር፣ አሁን ለድረ ገጹ ይጠቅማል ብዬ ሰማሁት።

እንጨቱ አንድ ገበሬ ጓሮ ውስጥ ነው፣ ዘመም ብሏል። ገበሬው የቡና ማድረቂያ አልጋውን አንድ ጫፍ ከእሱ ጋር አስሮታል። አናቱ ላይ ሲኒው አለ። ቡናማ፣ ማር የመሰለ። ልቤ ዘለለ፤ ለመስታወት የዘለለ ልብ ለሰው ስንት ጊዜ እንደዘለለ አልቆጥርም።

የገበሬው ሚስት ብቅ አለች። «እንጨቱን አትንኩ፣ አልጋዬ ይወድቃል!»

«አንነካም እህቴ፣ ወጥቼ አየት ነው የማደርገው» አላት። ጃንጥላውን ለእኔ ሰጠኝ። እንጨቱን በሁለት እጁ አቀፈ፣ አንድ እግሩን አነሳ። ትንሽ ቆየ። እግሩን መለሰና መሬት ላይ አኖረው። እንደገና አላነሳውም።

«ዱሮ በአንድ ትንፋሽ ነበር» አለኝ፣ እንጨቱን እያየ።

ምላሹ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት። ለምን እንደዋጥኩት አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ምላሽ በየቀኑ አይገኝም።

ያኔ ዘነበ። ሴትዮዋ «ቡናው! ቡናው!» ብላ ጮኸች፤ ሁላችንም ሮጠን ላስቲኩን በአልጋው ላይ ጎተትን። ስንጨርስ ቀና አልኩ። ሲኒውን ዝናቡ እያጠበው ነበር። ማሩ በእንጨቱ ላይ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። በበጋው የተጠራቀመ የገበሬው ቤት ጭስና ሲኒውን የያዘው ብረት ዝገት ነበር እንጂ ቀለም አልነበረም። ከሥሩ የወጣው አረንጓዴ ነው። በቤቴ መስኮት ላይ ብዙ አሉኝ፤ አንዱ በር ያስይዛል።

እሱም አየው። ጃንጥላውን ተቀበለኝ። ከዚያ፣

«በይ አንሺው» አለኝ። «ከደከምሽ አይቀር።»

ስልኬን አወጣሁ። ጃንጥላውን ዘረጋው፣ በስልኩ ላይ። አንሥቼ ስጨርስ እንዲህ አለ፦

«የማር ቀለም ብዬሻለሁ፣ ማር አይደለም። እንግዲህ ስሜን ተይው።»

«ልተወው ልጻፈው የማውቀው እኔ ነኝ» አልኩት።

መንገዱን ሁሉ ስሙን እንዴት እንደምጽፈው ሳሰላ ተመለስኩ፤ መልሱም ዲላ ልንገባ ስንል መጣልኝ። ቤት ደርሼ ከሁሉም ፎቶዎች ሥር «ያወረደው» ብዬ ሙሉ ስሙን ከነአባቱ ጻፍኩ፣ በሐምራዊው ጀርባ ላይ፣ በዚያው ሐምራዊ ፊደል። ተጽፏል፣ ግን አይታይም። የጠየቀውን አድርጌያለሁ፣ ስሙንም ደብቄያለሁ። በራሴ ብልጠት ተደሰትኩ፣ ዳቦ ቆርሼም በላሁ።

ከዚያ የኮንጋውን ፎቶ ለመጫን ከፈትኩት። ሲኒው ትንሽ ነው፣ ደብዝዟል። በጥግ በኩል የጃንጥላው ጠርዝ ይታያል፣ ከእሱ ሥር ደግሞ ክንዱ። እጅጌው እስከ ትከሻው በስብሷል፤ ውሃው ከክርኑ ሲንጠባጠብ ካሜራው ይዞታል። ጃንጥላው ለስልኬ ነበር። ለራሱ አልነበረም። እኔም ያኔ ሲኒውን እያየሁ ስለነበር አላየሁትም።

ፊደሉን ነጭ አደረግኩት። በሁሉም ፎቶዎች ሥር። ብዙ ሥራ ነው፣ አንድ በአንድ ነው የሚቀየረው፤ እየተራገምኩ ቀየርኩት። ስሙን እዚህ አልደግመውም፤ እዚያ መታየቱ ይበቃዋል። የማር ቀለም የሚለውን ባዶ ቦታ አጠፋሁትና በእሱ ፋንታ የኮንጋውን ፎቶ አስገባሁ። ከሥሩ «ያላወረደው» ብዬ ስሙን ጻፍኩ፤ ቀጥዬም «ጃንጥላው የገጹ ባለቤት ነው» አልኩ።

ሩቅ አገር ያለው ጡረተኛ በማግሥቱ ጻፈልኝ። «ደስ የሚል ጃንጥላ ነው።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለሙን አልተሳሳተም።

ጃንጥላው ግን አሁንም ይርጋጨፌ ነው፤ ያን ቀን ይዞት ተመለሰ። ትናንት ለባንኮ ጎቲቲው አባት ደወልኩላቸውና ሴት ለወንድ ሽማግሌ መላክ ትችል እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ለምንድነው ልጄ?»

«ለጃንጥላ።»

«ለጃንጥላ ብቻ?»

«ለጃንጥላ ብቻ!» አልኳቸው።

«እሺ» አሉ። «እንሄዳለን። ግን ያንን ንግግር እንዳትጽፍልን።»