ጠፍ ያልኩት መሬት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጦም መግደፌን በየዓመቱ እየቆጠርኩ ይህቺን አንዷን እየዘለልኩ ኖሬአለሁ። እርስዎ አንባቢዬ አያውቁኝም፤ ለዚህም ነው ለእርስዎ የምጽፈው። ሰኞ ጠዋት ከማዘጋጃ ቤት ሰዎች ይመጣሉ። ከዚያ በፊት መጻፍ አለብኝ፤ አፌን አላምነውም።

ነገሩ የአንድ ቃል ነገር ነው።

በእኛ አገር ባለቤቱ ለአንድ ክረምት ሳያርሰው የቀረ መሬት ጦም ያደረ ይባላል። እንደ ጦመኛ ሰው ማለት ነው፤ ዘንድሮ አልቀመሰም እንጂ ቤት አለው፣ ወገን አለው። ጠፍ ግን ሌላ ነው። ጠፍ ሰው የሌለው፣ የእኔ ነው የሚል የጠፋበት ነው። ቡሬ ዙሪያ ያደገ ልጅ ሁሉ ይህን ይለያል። እኔም ፊደል ከመቁጠሬ በፊት እለየው ነበር። አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም።

ጣሊያን ቡሬ በሰፈረ በሁለተኛው ዓመት ለከተማዋ ፕላን የሚያወጣ መሐንዲስ መጣ። ባለ ሦስት እግር መነጽሩን ይተክላል፣ ሁለት ሰዎች ሰንሰለት ይጎትቱለታል፣ እሱ ደግሞ ወረቀቱን በቀለም እርሳስ ይሞላል። ቀዩ የነጮች ሰፈር፣ ቡናማው የአገሬው ሰፈር፣ ቢጫው ገበያ። ወሰን የሚያሳይ ሰው ሲፈልጉ አባቴን አስጠሩ። አባቴ በንዳድ ተኝተው ስለነበር “እሷ ታውቀዋለች” ብለው እኔን ላኩኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር።

አስተርጓሚው ቀልድ የሚወድ ሰው ነበር። “ይህ ወረቀት ለዛሬ እንዳይመስልሽ” አለኝ። “የልጅ ልጅሽ ሽንኩርት የት እንደምትገዛ ነው ጌታው አሁን የሚቆርጡት።” እኔ አልሳቅሁም። ገና ያልተወለደ ሰው እግር የት እንደሚረግጥ ወረቀት ላይ ሲሰመር ማየቱ አስፈርቶኝ ነበር።

ገበያ ለጥ ያለ ሜዳ ይፈልጋል። ከከተማዋ በታች ለጥ ያለ ቦታ ሁለት ብቻ ነበር፤ የአባቴ ማሳና ከእሱ ጋር ወሰን የሚጋራው የጎረቤታችን የእትዬ ባንቻምላክ ማሳ። ባላቸው ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገብቷል። በሬዎቻቸውን ባንዳ ነድቶባቸዋል። በዚያ ክረምት መሬታቸው ጦም ያደረው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ሳምንት ደግሞ ወንድማቸው ሞቶባቸው አዴት ለቅሶ ላይ ነበሩ።

መሐንዲሱ እርሳሱን መጀመሪያ ያሳረፈው በእኛ ማሳ ላይ ነው። የአባቴ ጤፍ ገና ማሸቱ ነበር። ከዚያ አረም ወደ ዋጠው ማሳ ዞረና በእጁ አመለከተ።

“ይህስ የማን ነው?” አለ አስተርጓሚው።

ዓይኔን ወደ አባቴ ጤፍ መለስኩ።

“አንቺ ልጅ፣ ድዳዋ አንቺ ነሽ ወይስ መሬቱ?” ሰንሰለት ጎታቾቹ ሳቁ።

“ጠፍ ነው” አልኩ።

“ጠያቂ የለውም?”

“የለውም።”

ቢጫው እርሳስ ወረቀቱን ሲፍቀው ሰማሁት። የእኛ ማሳ ነጭ ሆኖ ቀረ።

ለምን አልኩት? ስማቸውን ብጠራ “ባልሽ የት ነው?” ተብለው ቤታቸው ይቃጠልባቸው ነበር እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬአለሁ። ሊሆን ይችል ነበር። ግን በዚያች ሰዓት የእሳቸውን ቤት አሰብኩ? አላሰብኩም። የአባቴን ጤፍ ነው ያሰብኩት። እኔ ነኝ ያልኩት፤ አውቄ ነው ያልኩት።

እትዬ ባንቻምላክ ከአዴት ሲመለሱ ማሳቸው ላይ ችካል ተተክሎ ጠበቃቸው። የለቅሶ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ወደ ቤታችን መጡ።

“ልጄ፣ አንቺ ነበርሽ አሉ። አብረሽኝ ሂጂና ጦም ያደረ እንጂ ጠፍ አይደለም በይልኝ። ብቻዬን ብሄድ ስለ ባሌ ይጠይቁኛል።”

“እኔ ወሰን ብቻ ነው ያሳየሁት፣ እትዬ። ምን እንደተባለ አልሰማሁም” አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። “ይሁን ልጄ” አሉ። “መሬቱም ጦም አዳሪ፣ እኔም ጦም አዳሪ።” ቃላቸው ሁለት ፍቺ እንዳለው ያን ጊዜም ገብቶኛል። በዓመቱ እውነትም ጦማቸውን የሚያድሩበት ቀን በዛ። ባላቸው ከዱር አልተመለሰም።

ጣሊያን ሲወጣ ወረቀቱም አብሮት የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ሰውዬው ሄደ፤ ፕላኑ ቀረ። ገበያው እዚያው ቆመ፣ መንገዱም ወደ እሱ ተጠረገ። እትዬ ባንቻምላክ ለአዲሱ ሹም አቤት ሊሉ ሲነሱ እንደገና ምስክር ሁኚኝ አሉኝ። እንደገና አልሰማሁም አልኩ። እስኪሞቱ ድረስ ሦስተኛ አልጠየቁኝም።

ትምህርት ቤት የገባሁት በሠላሳ ዓመቴ፣ ከልጆች ጋር ነው። ዛሬ የዚያው ትምህርት ቤት መጻሕፍት ጠባቂ ነኝ። ማንበብ እንደቻልኩ የሄድኩት ማዘጋጃ ቤት ነበር። በአማርኛ የተገለበጠው ፕላን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቢጫው ደብዝዟል፤ በላዩ ላይ ግን “ጠፍ” ይላል። ሁለት ፊደል። ለካ ያን ሁሉ ፊደል የቆጠርኩት እነዚህን ሁለቱን ለማግኘት ኖሯል!

አሁን አዲስ ፕላን ይወጣል ተብሏል። ገበያው ሊነሳ ነው፤ ከገበያው በፊት ቦታው የማን እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ይፈለጋል። ሰኞ የሚመጡት ለዚህ ነው። የእትዬ ባንቻምላክ ልጅ ጥሩወርቅ በእናቷ መሬት ላይ በርበሬ ትሸጣለች። ዘበኛው “ወደዚያ ጠጋ በይ፣ መንገድ ዘጋሽ” እያለ ይገፋታል። እኔን ስታይ “እትዬ፣ ምርቃትዎን እንዳይረሱ” ብላ አንድ እፍኝ ትጨምርልኛለች። የእኛ ማሳ ዛሬ የወንድሜ ቤት ነው። ብናገር “የእኛስ እንዴት ተረፈ?” ማለቱ አይቀርም። ምን እመልስለታለሁ?

ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት አርፈዋል። ግን ራሴን አውቀዋለሁ። ሰኞ ጸሐፊው “የማን ነበር?” ሲለኝ እንደዚያን ቀን ምላሴ ይከዳኛል ብዬ እፈራለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ይህን ወረቀት ይዤ ገበያ እወርዳለሁ። ጥሩወርቅ ማንበብ አትችልም፤ በርበሬዋ አጠገብ ቆሜ እኔው አነብላታለሁ። እሷ ከሰማች ሰኞ መካድ አልችልም። መሐል ላይ ድምፄ ቢቆረጥ እንኳ ዋናው እንዲደርሳት ከመጨረሻው እጀምርላታለሁ፤ እሱንም እዚህ ጽፌዋለሁ፦

ያ መሬት ጠፍ አልነበረም፤ ጦም ያደረ ነበር። የእናትሽ ነበር።