ስቶፕ አንዴ ብቻ ነው የሚጫነው

ከኢትዮጵያ የመጣ የቪዲዮ ካሴት አሜሪካ በተገዛ ዴክ አይታይም። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ካሴቱን ከከተተው በኋላ ነው። መልኩ ያው ነው፤ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ሁለት መንኮራኩር፣ ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ስም። ዴኩም ሳያንገራግር ይውጠዋል። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ግራጫ መስመሮች ሽቅብ ይሮጣሉ፣ ሰው የሚመስል ነገር ብቅ ብሎ ይቆረጣል፣ ድምፁ ይፈጥናል። የአገር ቤቱ ካሴት የሚቀረጸው ፓል በሚባለው አሠራር ነው፤ የዚህ አገሩ ዴክ ደግሞ የሚያነበው ሌላ ነው። ሁለቱ ምስል የሚቆጥሩበት ፍጥነትም፣ መስመር የሚደረድሩበት መንገድም ስለሚለያይ አይግባቡም።

ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም። ዳውንታውን ዴንቨር አንድ ሆቴል ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነበርኩ፤ ከየክፍሉ ተነቅለው የሚጣሉትን ቴሌቪዥኖች እያስፈቀድኩ ወደ ቤቴ ወስጄ ስፈታና ስገጥም ነው የገባኝ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ፣ ከሃቫና ስትሪት ትንሽ ገባ ብሎ ባለው አፓርትመንቴ ውስጥ ሁሉንም ዓይነት ካሴት የሚያነብ ዴክ፣ ከሱ የሚወጣውን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ካርድና ዲቪዲ መቅጃ ነበረኝ። ሻንጣ ውስጥ በልብስ ተጠቅልሎ የመጣ ሠርግና ምረቃ ሁሉ መጨረሻው እኔ ጋ ነበር።

ከኔ በላይ ባለው ፎቅ ብቻውን የሚኖር ጎረቤት ነበረኝ። ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ዳውንታውን አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ቲኬት የሚቀበል ሰው ነው። ጋሼ እለዋለሁ፤ እርስዎ ስለው ግን «ሳልደርስበት ሽበት አታብቅልብኝ» ስላለኝ አንተ ነው የምለው። አንድ ቀን ካሴት ብብቱ ሥር ይዞ በሬ ላይ ቆመ።

«ኢንጂነር፣ እናቴን ዴኩ ውስጥ ከተትኳት፤ እንደ ወፍ ስትንጫጫ ወጣች።»

«ፓል ስለሆነ ነው ጋሼ።»

«እኔ ፓሉን አላውቅም። እናቴ ግን እንዲህ አትጣደፍም። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ እኮ ምሳ ሰዓት ይደርስባታል።»

ካየኋት አሥር ዓመት አለፈኝ አለ። ካሴቱን ያመጣለት ለዕረፍት አገር ቤት ሄዶ የተመለሰ የሥራ ባልደረባው ነበር።

ካሴቱ እርጥበት ነክቶት ስለነበር ጠርዙ ላይ ነጭ ሻጋታ ይታይ ነበር። በጥንቃቄ አጸዳሁት፤ ሄድ የሚባለውን የዴኩን ማንበቢያም በአልኮልና በለስላሳ ቆዳ ጠረግኩት። ሳጫውተው ምስሉ ደህና መጣ። እናቱ ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጭናቸው ላይ ትልልቅ ፊደል ያለው መጽሐፍ ቅዱስ፣ አንገታቸው ላይ በክር የታሰረ መነጽር። ካሜራ የሚባለውን ነገር እንደ ስልክ ነው የቆጠሩት። «አሁን ያየኛል?» ብለው ቀራጩን ይጠይቁታል። «ያይዎታል፣ ያውሩ» ይላቸዋል። «ታዲያ ለምን አይመልስልኝም?» ይላሉ።

ያስቸገረኝ ድምፁ ነበር። ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ ቀስ በቀስ ከከንፈራቸው ወደ ኋላ ይቀራል፤ መጀመሪያ ላይ አይታወቅም፣ መሃል ላይ ግን አፋቸው ከተዘጋ በኋላ ቃሉ ይመጣል። ብዙ ሰው ልብ አይለውም። እኔ ግን እንዲህ ሆኖ ከእጄ እንዲወጣ አልፈለግኩም። ድምፁን እየቆራረጥኩ ከየከንፈሩ ጋር አገጣጠምኩት። «ልጄ» ሲሉ ከንፈራቸው የሚከፈትበትን ቦታ ከገዛ እናቴ ከንፈር አብልጬ አወቅኩት። ረቡዕ ማታ ጨረስኩና ዲስኩን በነጭ ሽፋን ከተትኩት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሆቴሉ ምድር ቤት ሆኜ አምፖል ስፈልግ ስልኬ ጮኸ። ጎረቤቴ የሚያመልክበት የጴንጤዎች ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። የጸሎት ቤቱን ማይክሮፎን ስለሠራሁላቸው ያውቁኛል።

«ልጄ፣ ሥራ ላይ ነህ?»

«ነኝ አባባ።»

«ሰው አጠገብህ አለ?»

ይህን የጠየቀ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደመጣ እኛ ዘንድ የማያውቅ የለም። መርዶው የኔ መስሎኝ ነበር።

«ያንተ አይደለም፣ አይዞህ» አሉኝ ፈጥነው። «የጎረቤትህ እናት ናቸው። ትናንት አረፉ። ቅዳሜ ማለዳ ሄደን እንነግረዋለን። ነገ ሥራ አለው፤ ሰው መርዶ በሥራ ቦታው አይሰማም። አንተም አብረኸን ትወጣለህ። እስከዚያ ከአፍህ እንዳይወጣ።»

«እሺ።»

«ደግሞ ካሴት ሰጥቶህ ነበር አሉ። እንዳትሰጠው። ዛሬ አይቷት ነገ የለችም ብንለው ልቡ አይችልም። ከለቅሶው በኋላ፣ ቀስ ብለህ።»

እሺ አልኳቸው። ወደ ቤት በባቡሩ ስመለስ ግን ነገሩ አልዋጥ አለኝ። ከመርዶው በኋላ እዚያ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም። ሲከፈትም የሚያየው የሞተ ሰው ነው፤ ያን ሁሉ ድምፅ ከከንፈር ያገጣጠምኩት ለሬሳ ይሆናል። እናቱን በሕይወት እንዳሉ አድርጎ ማየት የሚችልባት ጊዜ እስከ ቅዳሜ ያለችው ብቻ ናት። ከዚያ በኋላ የትኛውም መሣሪያ አይመልሳትም። በሌላ በኩል ሽማግሌው በዕድሜያቸው ስንት መርዶ አርድተዋል፤ እኔ ያረዳሁት የለም። ሳልወስን ቤቴ ደረስኩ።

ሳልወስን እሱም መጣ። የሥራ ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም። በእጁ ከነካርቶኑ አዲስ ዲቪዲ ማጫወቻ ይዟል።

«ኢንጂነር፣ እናቴን አስረህ ያዝክብኝ እኮ! ዋስ ላምጣ?»

ዲስኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አየው።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው» አልኩት።

አብረን ወደ ላይ ወጣን። ቴሌቪዥኑ ከባድ የድሮ ዓይነት ነው፤ የአንቴና ቀዳዳ እንጂ የማጫወቻውን ቢጫ ገመድ የሚቀበል ቦታ የለውም። ስለዚህ ማጫወቻውን በዴኩ በኩል አሳልፌ አገናኘሁትና ቻናል ሦስት ላይ አደረግኩት። እሱ ከኋላዬ ሆኖ «ይህን ሁሉ ገመድ አልፋ ነው የምትመጣው? ምስኪን፣ ትደክማለች» ይላል። እጄ ሥራ ስላገኘ ደስ ብሎኝ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ቆሜ ቀረሁ።

«ቁጭ በል እንጂ፣ እንግዳ ሆንክ?»

አልተቀመጥኩም። ሪሞቱን ሰጠሁት፤ ተጫነው።

እናቱ ሲታዩ አልጮኸም፣ አላለቀሰም። የጃኬቱን ዚፕ ዘጋ፤ ሰው ፊት እንደሚቀርብ ሰው። «ታዲያ ለምን አይመልስልኝም?» ሲሉ «አለሁ እማዬ፣ እየሰማሁሽ ነው» አላቸው። ከዚያ በኋላ በየመሃሉ እየመለሰ ያወራቸው ጀመር። ጣራው ተቀየረ ሲሉ «ቀለሙ አላማረኝም» ይላል። ከሳሁ አይደል ሲሉ «ውሸትሽን ነው» ይላል።

መሃል ላይ አንዲት ጎረቤታቸው የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ግቢውን ያቋርጣሉ። እናቱ በአገጫቸው እያሳዩ፣ «ይቺ ደግሞ ጸበል ካልጠጣሽ ብላ ሃያ ዓመት ተከራከረችኝ። እኔ በጌታዬ ነው የምድነው እላታለሁ፣ እሷ ጠርሙሷን ታቀርባለች» አሉ። ጎረቤታቸውም እየሳቁ፣ «አንድ ቀን ጎትቼ አስገባሻለሁ» ብለው አለፉ። ሁለቱ አሮጊቶች የሚዋደዱ መሆናቸው ከአሳሳቃቸው ያስታውቃል። ጋሼ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። «አያገኟትም! እናቴን ጸበል? ጴንጤ ሆነች ብሎ ጎረቤት ሁሉ ሲጠላት እንኳ ያልተመለሰች ሴት ናት።»

ትንሽ ቆይተው እናቱ መነጽራቸውን አወለቁና ወደ ካሜራው ጎንበስ አሉ። «አንተ ልጅ፣ ስልክ ለበዓል ብቻ ነው እንዴ የተሠራው?»

ምስሉን አቆመው። «እውነቷን ነው» አለ። «ይኸው እደውላለሁ። አሁን እዚያ ነግቷል፣ ለጸሎት ተነስታለች።»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ካሴቱን ጨርሰው።»

«እየተቆጣችኝ? ባይሆን ይቅርታ ጠይቄ እጨርሰዋለሁ።»

አገር ቤት የሚደውልበትን ኮሊንግ ካርድ አውጥቶ ቁጥሩን ፋቀ፤ ስልኩን ስፒከር አደረገው። ረጅም ጊዜ ከጠራ በኋላ የሴት ድምፅ «ሃሎ» አለ። ጎረቤታቸው ናቸው፤ ባለ ጠርሙሷ። ድምፃቸውን አሁን ከስክሪኑ ስለሰማሁት አወቅኩት። እሱም አወቀ።

«እትዬ! እንዴት አደሩ? እናቴስ?»

«ውይ ልጄ... እንዴት አደርክ... እናትህማ...» ከኋላቸው ሰው ሳል ያዘው፣ አግዳሚ ወንበር ተጎተተ፣ ብርጭቆዎች ተንኳኩ። «ጸበል ገብታለች።»

«ምን?»

«ጸበል። ስትወጣ ትደውልልሃለች። ቻለው ልጄ፣ አይዞህ።»

ጋሼ ሳቁን ለቀቀው። «በስተመጨረሻ እትዬ አሸነፏታ!»

እሳቸው ግን አልሳቁም። ሰው እንዲህ በድንገት ሲደውል የሚባለውን ነው ያሉት፤ ጸበል ገብታለች ማለት በኛ አገር የቆየ መሸፈኛ ነው። የማንን እናት እንደሚሸፍኑበት በድንጋጤ ዘነጉት። «ኧ... አዎ» አሉና መስመሩ ተዘጋ።

ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ስልኩን አየ፣ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ እንዳሉ የቀሩትን እናቱን አየ።

«በዚህ ሰዓት እትዬ እናቴ ቤት ምን ይሠራሉ?» አለ። እኔን አልነበረም የጠየቀው። «ያ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል?»

ቀና ብሎ አየኝ።

«ለዚህ ነው ያልተቀመጥከው።»

ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«መቼ ነው የሚመጡት?»

«ቅዳሜ ማለዳ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ የሥራ ፈረቃ እንደተነገረው ሰው። «እንግዲያው እስከ ቅዳሜ አልሰማሁም» አለ። «ሰው ሳይነግረኝ አላለቅስባትም። አንተም አልነገርከኝ።» ወደ ስክሪኑ ዞረ። «ስንት ቀረው?»

«ትንሽ ነው።»

«ይሄማ እዚሁ ይቆይ። ሳታልቅ ትቆይልኝ።»

ማጫወቻው ቆሞ ብዙ ሲቆይ በራሱ እንደሚጠፋ ነገርኩት። «ስቶፕ አንዴ ብቻ ተጫን። አንዴ ከሆነ ያቆምክበትን ቦታ ይይዝልሃል፤ ሁለቴ ከተጫንክ ይረሳውና ከመጀመሪያው ይጀምራል።» እንዲህ ባለ ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር ነው የተናገርኩት። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም።

«አንዴ ብቻ» አለና ጣቱን እያከበደ ተጫነው።

ዓርብ ሥራው ገባ። በምሳ ሰዓት በሕንፃው ፊት ለፊት ሳልፍ ከመስተዋቱ ኋላ ቲኬት ሲቀበል አየሁት፤ ለአንድ ሹፌር መውጫውን እያሳየ ነበር። እኔንም አየኝና እጁን አነሳ።

ቅዳሜ ገና ጎሕ ሲቀድ አምስት ሆነን ደረጃውን ወጣን። ሽማግሌው ከፊት፣ ሁለት ወንዶች፣ እናቱን አገር ቤት የሚያውቁ አንዲት ሴት፣ እኔ ከኋላ። መተላለፊያው ጣራ እንጂ በውጭ በኩል ግድግዳ ስለሌለው ብርዱ አጥንት ይገባል። ሽማግሌው ሊያንኳኩ እጃቸውን አነሱና እዚያው ቀሩ። ከውስጥ የአሮጊት ድምፅ ይሰማል።

«ማን አለ ውስጥ?» አሉ በሹክሹክታ።

ሴትዮዋ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «እሳቸው ናቸው» አሉ። «በስመ አብ፣ ራሳቸው ናቸው።»

ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ። «ሰጠኸው?»

«ሰጠሁት አባባ።»

ብዙ የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። ያነሱትን እጅ ግን ወደ ካፖርታቸው ኪስ ከተቱት።

«ብዙ ይቀረዋል?»

«ምርቃቱ ብቻ ነው የቀረው።»

«እንግዲያው ትመርቀው» አሉ።

ቆምን። በሩ ስስ ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ይሰማል። «በል ልጄ፣ ደከመኝ፣ ልመርቅህ» አሉ እናቱ ቀስ ብለው። «ጌታ መውጣትህን መግባትህን ይጠብቅልህ።»

«አሜን» አለ ከውስጥ ጋሼ። ከውጭም ሽማግሌው ሳያስቡት «አሜን» አሉ፤ እኛም ተከተልን።

«የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። በሰው አገር ሰው አያሳጣህ።»

«አሜን» አልን፣ ትንፋሻችን በብርዱ እየጨሰ።

«የኔን ቀሪ ዕድሜ ላንተ ይጨምርልህ። ቅበረኝ ልጄ። አንተው ቅበረኝ።»

ከውጭ አሜን ያለ አልነበረም። ሴትዮዋ ግንቡን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ከውስጥ ግን ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ «አሜን» የሚል ድምፅ መጣ።

ከዚያ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጠፋ። ሽማግሌው እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አንኳኩ።

«ማነው?» አለ ከውስጥ።

«እኛ ነን ልጄ» አሉት።